መቶ ቁልፎች

ራዲዮው ነው ያረዳኝ፣ ሱቄን ገና ስከፍት፤
«ኤቫሪስቶ ቤንታንኩር ዐረፈ ትናንት ሌሊት።»
ከዚያ የሽንኩርት ዋጋ፤ ከዚያ የኳስ ውጤት።

ሞረዴን አስቀመጥሁ። ውጭ ይዘንብ ነበር፤
የሞንቴቪዴኦ ዝናብ፣ በጎን የሚበርር፣
ወንዝ ይሁን ባሕር ይሁን ካልለየለት ዳር።

ፊቱንማ ማን ይስተዋል? በየሳሎኑ ገብቷል፤
እኔ የማውቅ ጣቱን ነው። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፤
ኮቱ ላይ የፊት ፓውደር፣ በከንፈሩ ሲጋራ፣
እንደ ባለዕዳ ቆሞ ከመዝጊያዬ ጋራ፣
«አደራ፣ ኤርሚኒዮ፤ የእሑዷን አደራ!»

መቶ ቁልፍ ነው የምሞርድ፣ ለአንድ የእንጨት ሣጥን፤
ዘጠና ዘጠኙ ለቁጭት፣ አንዱ ለሲሳይ የሚሆን።
ጥርሱን ጥቂት አጉድዬ፣ ጥቂት አበልጬ፣
ለሰው ተስፋ ልክ አወጣሁ፣ ከብረት ቆርጬ።

እሑድ፣ አገር ምሳ በልቶ፣
ሰሃን ሳይነሳ ገና፣ ጎረቤት ወንበሩን አምጥቶ፣
አንድ ልጅ አንቴና ሊያቀና እንደ አውራ ዶሮ ጣራ ወጥቶ፣
ይታያል ኤቫሪስቶ፣ ነጭ ጫማ ተጫምቶ፦
«ዓይንዎን ይጨፍኑ እንጂ፤ እጅ ያውቃል!»
የሳተ ሰው ቁልፉን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤
ከሠርጉ ፎቶ አጠገብ በምስማር ይሰቅላል።
ምንም የማይከፍት ቁልፍ፤ ግን ማን ይጥለዋል?

አንድ ሐሙስ ሲመጣ ሲጋራውን ረስቶ፣
ባርኔጣው ከእጁ ላይ ለልመና እንደ ተዘርግቶ፣
«የዚህ ሳምንቷ» አለኝ፣ «ዙልማ የምትባል፤
ከፍራይ ቤንቶስ ሥጋ ፋብሪካ፤ ባሏን ወንዝ በልቶባታል፤
ደብዳቤዋን አነበብኩት። አራት ልጅ። ይበቃል።»

ዝም አልን። አንድ አውቶቡስ አለፈ።

«ጥርሱን አታጉድልባት።» «የመቶውን?» «የመቶውንም።»
«ቢታወቅብንስ?» አልሁት። «ብረት አፍ የለውም።»
የከፈለኝ ከኪሱ ነው። ጣቢያው አያውቅም።

እሑድ ዙልማ ዓይኗን ጨፍና አንዱን አነሳች፤
አስቀመጠች። ሌላ ዳሰሰች። ስትመርጥ ስትጨነቅ ቆየች፤
አንድ ዓይነት ከሆነ መቶ፣ ስንት ጊዜ ተመለሰች!
እኔ ከሱቄ ወንበር በጥርሴ ጨርቅ ነክሼ፣
ልስቅ ነው ወይ ላለቅስ? ሳልለይ፣ ፊቴን በክንዴ አብሼ።
ጠቅ አለ። አገር ጮኸ። ወጣላት የስፌት መኪና፤
ኤቫሪስቶም ዘለለ፣ እንደማያውቅ ሆነና።

«አቅልጣቸው» አለኝ ማታ፣ የቀሩትን አምጥቶ።
አላቀለጥሁም። ዛሬም አሉ፤ ቆርቆሮው በነሱ ሞልቶ።

ቴሌቪዥኑ አርባ ሰከንድ ቆጥሮ ሰጠው።
ኒልዳም እንዲሁ ሄደች፣ «ነገ ፀሐይ ነው»
እያለች ስንት ዓመት በዝናብ ያስመታችን፤
ፌልቴሮም፣ የሎተሪ ዕጣ እንደ ጸሎት ሲያነብልን፣
ድምፅ ብቻ የነበረ፤ መልኩን አንድም ቀን ሳናይ ቀበርን።
ስንት ዘመን ከማዕዳችን ጠፍተው አያውቁ፤
አንድ ጉርሻ ሳይቀምሱ፣ እየሳቁ አለቁ።

ቀብሩ ላይ ማንም ሳይጠራው ሰው ቁልፉን ይዞ መጣ።
ከሻንጣ፣ ከአንገት፣ ከኪስ፣ ዝገት የበላው ሁሉ ወጣ፤
ሬሳው ሲመጣ አንሿሹት ያን ሁሉ የሳተ ቁልፍ፤
ድምፁ ዝናብ በቆርቆሮ፣ ከሰው ወደ ሰው ሲያልፍ።

ዙልማ አጠገቤ ነበረች። በምርኩዝ። አላወቀችኝም።
ቁልፏን ለጎኗ ሴት አሳይታ፣ «አየሽ፣ የኔ አልሳተም፤
ያን ዕለት እጄ አወቀ። ከዚያ ወዲህ ምንም
ፈርቼ አላውቅ» አለች።

አፌን ከፈትሁ። ዘጋሁ።
ቁልፍ ሠሪ ነኝ፤ መዝጋትም ሙያዬ ነው።

ስመለስ አንዲት ልጅ አለች፣ ከሱቄ ደፍ ተቀምጣ፤
ግማሽ ቁልፍ በር ውስጥ ቀርቶ፣ ግማሹን በእጇ ጨብጣ።